አንድ ፋብሪካ ወይስ የጎረቤታሞች ሙያ፦ ሁለት የጣና ዳር አሰፋፈሮች

ሥራና ሙያ በአንድ ቦታ የሚሰባሰብባቸውን ሁለት መንገዶች በጣና ሐይቅ ዳር እናነጻጽር። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ ተገንብቶ እ.ኤ.አ. በ1961 ሥራ ጀመረ፤ በ1963 የፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩት፣ በ1964 ደግሞ የጢስ ዓባይ የኃይል ማመንጫ ተከተሉ። እዚህ ቦታውን የመረጠው ዕቅድ አውጪ ሲሆን፣ ሥልጠናውና መብራቱ በአጭር ዓመታት ውስጥ በአንድ ከተማና በአቅራቢያው ስለተሰባሰቡ ሌላም ድርጅት ለመምጣት ምክንያት አገኘ። ጉዳቱ ግልጽ ነው፤ የአንድ ፋብሪካ መዳከም የብዙ ቤት ጓዳ ያናጋል።

በሐይቁ ዳርቻ ያሉትን የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ታንኳ ሠሪዎች በአንድ አካባቢ ያሰባሰባቸው ግን ታንኳው የሚሠራበት የውኃ ዳር ተክል፣ ደንገሉ ነው። ታንኳው ከጥቂት ወራት በኋላ ውኃ ጠጥቶ ስለሚከብድ ገዢው ደጋግሞ ይመለሳል፤ ልጁም አሠራሩን ከአባቱና ከጎረቤቱ እጅ እያየ ይማራል። እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አልፍሬድ ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1890 የሙያ ምሥጢር በአንድ አካባቢ አየር ላይ የሚንሳፈፍ ያህል ይሆናል ያለው ይህንኑ የመሰለውን ነው።

በእኔ ግምት ዕውቀትን በማቆየት ሁለተኛው ይበልጣል፤ ከተማ በማስፋት ግን ከፋብሪካው ጋር አይወዳደርም፣ ደንገሉ በሳሳ ቁጥርም መሠረቱ አብሮ ይሳሳል።