የኤሌክትሪክ መኪና ወይስ ባስና ባቡር? አዲስ አበባ ጭሷን በየቱ ትቀንስ

ሁለቱም ጭስ ይቀንሳሉ፣ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። በ2016 ዓ.ም የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል፣ መብራታችን ደግሞ አብዛኛው ከግድብ ስለሚመጣ እዚህ አገር የኤሌክትሪክ መኪና (ኢቪ) ቻርጅ ሲደረግ ከጀርባው የሚጨስ ነገር የለም ማለት ይቻላል፣ ትልቅ ነገር ነው።

ግን ማታ 12 ሰዓት መገናኛ ቁሙና እዩት፣ የታክሲ ሰልፉ ተጠማዞ ተጠማዞ ጫፉ አይታይም፣ እናቶች ልጅ አዝለው ቆመዋል፣ እና ያ ሁሉ ሰው ኢቪ ሊገዛ ነው እንዴ? መኪናው ቢቀየርም መንገዱ ያው ዝግ ነው፣ አሮጌው ሚኒባስም መሀል ቆሞ ጥቁር ጭሱን ይለቀዋል። ቀላል ባቡሩ ግን ከ2008 ጀምሮ ከአያት ጦር ኃይሎች ሰውን በመብራት ያመላልሳል። በጀቱ እኔ እጅ ቢሆን መጀመሪያ ለባቡሩ መለዋወጫ፣ ቀጥሎ ለኤሌክትሪክ ባስና ባስ ብቻ ለሚሄድበት መስመር ነበር የማውለው፣ ኢቪው ከዛ በኋላ ይድረስ።