ሸክላ ማቃጠያ፣ ፑሚስ መፍጫ ወይስ የአፈር ብሎኬት ማሽን? ሰሜን ሸዋ ላይ ፋብሪካ ለመትከል ላሰባችሁ

ሰሞኑን ደብረ ብርሃንም ሸዋ ሮቢትም ያሉ ልጆች ብር አዋጥተን ካርቦኑ ያነሰ ሲሚንቶ ወይም የሲሚንቶ ምትክ ሚያመርት ትንሽ ፋብሪካ እንትከል እያሉ ሲጠይቁኝ ከረሙ፣ የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፣ የቱን ማሽን እንግዛ? እኔ ግንባታ ላይ ነው የኖርኩት፣ ሶስቱንም ነገር ስከታተል ቆይቻለሁ፣ ስለዚህ ጎን ለጎን ላስቀምጥላችሁ። ሀሳቤን ከወዲሁ ልናገር፦ በትንሽ ካፒታል ሚነሳ ሰው በአፈር ብሎኬት ይጀምር፣ የሸክላ አፈር ማቃጠያ ምድጃ ደግሞ አፈሩ ላብራቶሪ ሳይገባ ማንም እንዳይገዛ።

መጀመሪያ ካርቦኑ ከየት ነው ሚመጣው ሚለው ይግባን። ሲሚንቶ ውስጥ ጥፋተኛው ክሊንከሩ ነው፣ ማለትም የኖራ ድንጋይና አፈር አብሮ ተቃጥሎ ሚወጣው፣ ኋላ ተፈጭቶ ሲሚንቶ ሚሆነው ጠጠር። የኖራ ድንጋይ 1,450 ዲግሪ አካባቢ ሲቃጠል ድንጋዩ ራሱ በውስጡ የያዘውን ካርቦንዳይኦክሳይድ ይለቃል፣ ከጠቅላላው ጭስ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከድንጋዩ እንጂ ከከሰሉ አይደለም፣ ስለዚህ ነዳጅ ብትቀይሩ እንኳን ችግሩ አይጠፋም፣ መፍትሄው ክሊንከሩን መቀነስ ነው። በግርድፉ 1 ኪሎ ክሊንከር 0.85 ኪሎ ካርቦንዳይኦክሳይድ ይዞ ይመጣል በሉ። አንድ ኩንታል ኦፒሲ (ምትክ ያልገባበት ሲሚንቶ) 95 ኪሎው ክሊንከር ስለሆነ 80 ኪሎ ገደማ ይደርሳል። ፑሚስ (ቀላሉ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) የገባበት ፒፒሲ፣ 30 ኪሎ ያህሉ ፑሚስ ከሆነ፣ ከ55 እስከ 60 ኪሎ ይሆናል። ኤልሲስሪ ሚሉት አዲሱ አይነት ግማሹ ብቻ ክሊንከር ነው፣ 30 በመቶ የተቃጠለ ሸክላ አፈር፣ 15 በመቶ ያልተቃጠለ የኖራ ድንጋይ ዱቄት፣ 5 በመቶ ጀሶ፣ እሱ የሸክላውን ማቃጠያ ጨምሮ 50 አካባቢ ይመጣል።

እዚህ ጋ ልብ በሉ፣ በፒፒሲና በኤልሲስሪ መሀል ያለው የካርቦን ልዩነት ሰው እንደሚያወራው አይደለም። የኤልሲስሪ ትልቁ ጥቅም ጥንካሬው ነው፣ እኛ ጋ ያለው ፒፒሲ በብዛት 32.5 ነው (ቁጥሩ የጥንካሬ ደረጃው ነው)፣ ኤልሲስሪ ግን በደንብ ከተሰራ ኦፒሲ የሚገኝበት 42.5 ላይ ይደርሳል። ማለትም ኮለንና ቢም ላይ ኦፒሲን ተክቶ ከ80 ወደ 50 ማውረድ ይችላል፣ ልስንና ግንብ ላይ ግን ፒፒሲ ራሱ በቂ ነው።

እንግዲህ ወደ ማሽኖቹ። ኤልሲስሪ መስራት ማለት የሸክላ አፈርን ከ700 እስከ 850 ዲግሪ ባለው ሙቀት ማቃጠል ማለት ነው። ሲቃጠል ሚወጣው በአፈሩ ውስጥ የታሰረ ውሃ እንጂ ካርቦን አይደለም (የነዳጁ ጭስ ግን አለ)፣ ለዛ ነው ቴክኖሎጂው በአለም ደረጃ የተወደደው፣ ስዊዘርላንድ፣ ኩባና ህንድ ያሉ ተመራማሪዎች አብረው አዳበሩት፣ ኮሎምቢያ በፈረንጆቹ 2020 ላይ ሸክላ ማቃጠያ ተክላለች፣ ጋናም ቴማ ላይ አላት። ግን ሁሉም ሸክላ አፈር አይሆንም። ካኦሊናይት ሚባለው ማዕድን ቢያንስ 40 በመቶ ሊኖረው ይገባል። የጅሩን መረሬ አፈር ሁላችንም እናውቃለን አይደል፣ ክረምት የሚያብጥ በጋ የሚሰነጠቅ፣ ለጤፍና ለስንዴ እንጀራችን ነው፣ ለዚህ ስራ ግን አይሆንም ምክንያቱም ማዕድኑ ሌላ አይነት ነው፣ ቢቃጠልም ካኦሊናይትን ያህል አይሰራም። ሙቀቱ ከ900 በላይ ከሄደም አፈሩ ይሞታል፣ በቃ ተራ ዱቄት ነው ሚሆነው፣ ስለዚህ ሙቀት የሚቆጣጠር ሰው ቀንም ሌሊትም ያስፈልጋል። ሌላ ደግሞ ከለሩ አለ፣ አፈሩ ብረት ካለበት ሲሚንቶው ቀላ ይላል፣ የኛ ግንበኛ ደግሞ ሲሚንቶ በከለር ነው ሚመርጠው፣ ቀይ ካየ አፈር ቀላቅለውበታል ብሎ ይመልሰዋል። ሲቀዘቅዝ ኦክስጅን እንዳያገኝ በማድረግ ግራጫ ማድረግ ይቻላል፣ ግን ያው ተጨማሪ መሳሪያ ነው። የነዳጁ ጉዳይም ያሳስበኛል፣ ከሰል ካልተገኘ አይናችን ሚያርፈው ባህር ዛፉ ላይ ነው፣ ካርቦን ቀነስን ብለን ጫካ ከጨረስን ምን ሰራን?

ሁለተኛው ፑሚስ ወይም ቀይ አሸዋ መፍጫ ነው። ምድጃ የለውም፣ እሳተ ገሞራው አንዴ አቃጥሎልናል። ቀይ አሸዋውን ወይም ፑሚሱን አድርቃችሁ ከክሊንከርና ከጀሶ ጋር በቦል ሚል (በብረት ኳስ ሚፈጭ ወፍጮ) ትፈጫላችሁ፣ ለአንድ ቶን ከ30 እስከ 50 ኪሎዋት ሰአት ይበላል፣ የኛ ኤሌክትሪክ ደግሞ አብዛኛው ከውሃ ስለሚመጣ ጭስ የለውም ማለት ይቻላል። ክሊንከሩን ትገዛላችሁ፣ መስከረም 2017 የተመረቀው የለሚ ፋብሪካ በራችን ላይ ነው፣ በቀን 150,000 ኩንታል ሲሚንቶ ለማምረት የተሰራ። አደጋውም እዚህ ላይ ነው፣ ክሊንከር ሚሸጥላችሁ ሰው ራሱ ሲሚንቶ ሚሸጥ ተወዳዳሪያችሁ ነው፣ ውል ሳይያዝ ወፍጮ ገዝቶ መቀመጥ ያከስራል። ፑሚሱም የሚመጣው ከሞጆና ናዝሬት በኩል ነው፣ ደብረ ብርሃን ለመድረስ ወደ 200 ኪሎ ሜትር፣ ትራንስፖርቱን አስሉ።

ስለ ብርዱ ካልነገርኳችሁ ግን ያጠፋሁ ይመስለኛል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ላይ ነች፣ ከጥቅምት እስከ ታህሳስ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ክሊንከሩ የቀነሰ ሲሚንቶ ሁሉ በብርድ ቀስ ብሎ ነው ሚጠነክረው። አንድ ጂ ፕላስ ቱ ስንሰራ ጥቅምት ላይ ኮለን በፒፒሲ ሞላን፣ ባለቤቱ ቸኩሎ ነበርና ካሳፎርማውን በማግስቱ አነሳን፣ ጠርዙ በእጅ ሲነካ ፍርፍር አለ፣ ሁለት ኮለን አፍርሰን ደግመን ሞላን፣ የዛን ቀን የተሰማኝን አልረሳውም፣ ሲሚንቶው ግን ጥፋት አልነበረበትም፣ ጊዜ አልሰጠነውም እንጂ። ሸዋ ሮቢት ላይ በዛው አይነት ሲሚንቶ በ1,280 ሜትር ሙቀት ስንሰራ ምንም አልሆነም፣ እዛ ችግሩ ውሃ ማጠጣት ነው፣ ቶሎ ይደርቃል። ስለዚህ ምርታችሁን ለደብረ ብርሃን፣ ለመሀል ሜዳና ለሰላ ድንጋይ ምትሸጡ ከሆነ ኩንታሉ ላይ "በብርድ ወቅት ካሳፎርማ ቆይቶ ይነሳ" ብላችሁ በትልቁ ጻፉበት፣ ደንበኛ ማክበር ማለት ይሄ ነው።

ሶስተኛው የአፈር ብሎኬት። ለልቤ ቅርብ ነው አልደብቅም። አፈር ከ5 እስከ 8 በመቶ ሲሚንቶ ተቀላቅሎ በማሽን ይጨመቃል፣ አይቃጠልም። 8 ኪሎ ምትመዝን አንድ ብሎኬት ግማሽ ኪሎ ሲሚንቶ ብትወስድ ነው፣ በፒፒሲ ከሰራችሁት 0.3 ኪሎ ካርቦንዳይኦክሳይድ፣ ከአንድ ኩንታል ወደ 200 ብሎኬት ትወጣለች። በእጅ ሚጫን ማሽን አለ፣ ኮሎምቢያ ውስጥ በፈረንጆቹ 1950ዎቹ የተሰራው ሲንቫ ራም የዚህ ሁሉ አባት ነው፣ በሞተር ሚሰራም አለ። አፈሩን ራሳችሁ ትለኩታላችሁ፣ 60 ሳንቲ ርዝመት፣ 4 ሳንቲ ስፋትና 4 ሳንቲ ጥልቀት ያለው የእንጨት ሳጥን ስሩ፣ ውስጡን ዘይት ቀብታችሁ እርጥብ አፈር ሙሉበት፣ ሲደርቅ ምን ያህል እንዳጠረ ለኩ። 1 ሳንቲ አካባቢ ካጠረ ጥሩ ነው ትንሽ ሲሚንቶ ይበቃዋል፣ 4 ሳንቲ ካጠረ አሸዋ ጨምሩበት፣ መረሬ ከሆነ ተሰባብሮ ታገኙታላችሁ ቦታ ቀይሩ። ብሎኬቱን ቢያንስ 7 ቀን በላስቲክ ሸፍናችሁ አርጥቡት፣ 28 ቀን ሳይሞላው አትሽጡ። መሰረቱ በጥቁር ድንጋይ ከፍ ይበል፣ ጣሪያው ይውጣ፣ ዝናብ በቀጥታ እንዳይመታው። ገበያው ግን ሁሉም ጋ እኩል አይደለም፣ መንዝ ሰው ግድግዳውን በድንጋይ ነው ሚገነባው፣ ብሎኬት ይዛችሁ ብትሄዱ አይገዛችሁም፣ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ግን ይገዛል።

አግሮስቶንስ (ከእርሻ ተረፈ ምርትና ከማግኒዥየም ሚሰራው የግድግዳ ሰሌዳ)? ላላችሁኝ፣ ለውስጥ ክፍልፋይ ይሆናል፣ ማግኒዥየሙ ግን ውሃ አይወድም፣ ለውጭ ግድግዳ አልመክርም።

ወረቀቱን አትናቁት። ሸክላ አፈር ለመቆፈር የማዕድን ፈቃድ፣ ለፋብሪካው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አለ፣ ሲሚንቶ ደግሞ የኢትዮጵያን ደረጃ ሳያሟላ ገበያ አይወጣም፣ ይሄ ለሁለቱ ሲሚንቶዎች ከባድ ነው፣ ለብሎኬቱ ቀለል ይላል።

10 ሆናችሁ ቁጠባችሁን ምታወጡ ከሆነ በእጅ ወይም በሞተር ሚጫን ብሎኬት ማሽን ግዙ። የክሊንከር ውል በእጃችሁ ያለና ባንክ ሚያበድራችሁ ከሆነ ወፍጮ። ሸክላ ማቃጠያ ለኔ ትልቅ ባለሀብት ወይም ራሱ ክሊንከር ሚያመርት ፋብሪካ ሚሰራው ነው። ማሽን ሻጭ ጋ ስትሄዱ ደግሞ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ፣ ምትሰሩበትን አፈር በማዳበሪያ ሞልታችሁ ውሰዱ፣ እፊታችሁ ይጫነው፣ የራሱን አፈር ብቻ ካሳያችሁ ብራችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።