ራሴ ፈትቼ የምጠግነው ሪል፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

መጠኑ 4000 የሆነውን ይህን ስፒኒንግ ሪል፣ ማለትም በዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ላይ ተገጥሞ ክሩን የሚጠነጥነውን መሣሪያ፣ በባሕርም በሐይቅም ለወራት ስሠራበት ቆይቻለሁ። በነዚህ ወራት ውስጥ ወደ ጥገና ባለሙያ አልላክሁትም፤ ራሴ እየፈታሁ፣ እያጠብሁ፣ ግሪስ እየቀባሁና ያለቀውን እየቀየርሁ ነው ያቆየሁት። ስለዚህ ይህ ግምገማ ሪሉ ከካርቶኑ በወጣበት ቀን ምን ያህል ለስልሶ እንደሚዞር አይናገርም፤ አዲስ ሪል ሁሉ ለስላሳ ነውና። እኔን ያሳሰበኝ ክዳኑ ሲከፈት ባለቤቱ በእጁ ባሉት ተራ መሣሪያዎች ውስጡን ማጽዳትና እንደነበረ መልሶ መግጠም ይችል እንደሆነ ነው። የአምራቹን ስም ያልጠቀስሁት ከዚህ በታች የማነሣቸው ጥንካሬዎችም ሆኑ ጉድለቶች በዚህ መደብ ባሉ ብዙ ሪሎች ላይ የሚታዩ በመሆናቸው ነው።

ሪሉ የአልሙኒየም ቀፎ፣ የተጠናከረ ፕላስቲክ ሮተር (እየዞረ ክሩን የሚጠነጥነው ክፍል)፣ ከእጀታው ጋር የሚዞር የዚንክ ቅይጥ ዋና ጥርስና ሮተሩን የሚያዞር የናስ ፒኒዮን (ትንሹ ጥርስ) አለው፤ የማርሽ ምጣኔውም 6.2 ለ1 ነው። ለመፍታት የሚያስፈልገው ባለመስቀል ካቻቢቴ፣ የሮተሩን ዳዶ የሚፈታ ቁልፍ፣ ቀጭን ፒንሳ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽና ጠርዝ ያለው ትሪ ብቻ ነው። ካቻቢቴው የቪቴውን ራስ ሞልቶ የሚይዝ መሆን አለበት፤ ልኩ ያልሆነ ካቻቢቴ የቪቴውን ራስ ከበላው በኋላ ቀላሉ ሥራ ወደ ከባድ ሥራ ይለወጣል። ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው፦ መጀመሪያ የፍሬኑ (ዓሣው ሲጎትት ክሩን እየያዘ የሚለቀው ክፍል) ማጥበቂያ መክፈቻና ክሩ የሚጠነጠንበት ስፑል፣ ከዚያ እጀታው፣ ሮተሩና በሥሩ ያለው ክላች፣ በመጨረሻም የጎኑ ክዳንና ዋናው ጥርስ ይወጣሉ። ከሪሉ ጋር የመጣው ዝርዝር ሥዕል እያንዳንዱን ክፍል በቁጥር ያሳያል፤ ይህን ወረቀት እንደ ትልቅ ዋጋ ነው የቆጠርሁት። ያም ሆኖ በየደረጃው በስልክ ፎቶ ማንሣትና የወጣውን ሁሉ በወጣበት ቅደም ተከተል ትሪው ላይ መደርደር ሥዕሉን የሚተካ ሳይሆን የሚያሟላ ልማድ ነው።

አንድ ነገር በተለይ ማስታወስ እፈልጋለሁ። ከዋናው ጥርስ ጎን ፀጉር የመሰለች ቀጭን ሮንዴላ ትገኛለች። ጥርሱና ፒኒዮኑ ምን ያህል ተጠጋግተው እንደሚነካከሱ የምትወስነው እርሷ ናት። ብዙ ጊዜ በግሪስ ተጣብቃ ከኩሽኔታው ጋር አብራ ስለምትወጣ ኩሽኔታው በአልኮል ሲታጠብ ሳትታይ ልትጠፋ ትችላለች። ያለ እርሷ የተገጠመ ሪል ይዞራል፤ ነገር ግን እጀታው ወደ ጎን ይወዛወዛል፣ ጥርሱም ያለ ቦታው እየተነካከሰ ይበላል። ስለዚህ ኩሽኔታውን ወደ ማጠቢያው ከመጣል በፊት ሁለቱን ገጾቹን በጥፍር መዳሰስ ያስፈልጋል።

ከሁሉ በፊት የሚያልቀው ክፍል ክሩ ወደ ስፑሉ ሲገባ የሚያልፍበት ትንሹ ተሽከርካሪ፣ የክር ሮለሩ ነው፤ ምክንያቱንም በቁጥር ማየት ይቻላል። ስፑሉ ላይ የተጠነጠነው ክር ዲያሜትሩ 50 ሚሊሜትር ቢሆን ዙሪያው 157 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። እጀታው አንዴ ሲዞር ሮተሩ 6.2 ጊዜ ስለሚዞር ወደ 97 ሳንቲሜትር ክር ይሰበሰባል። ይህ ሁሉ ክር የሚያልፈው ዲያሜትሩ 8 ሚሊሜትር በሆነች ሮለር ላይ በመሆኑ ሮለሯ በአንድ የእጀታ ዙር ከ38 ጊዜ በላይ ትሽከረከራለች። እጀታውን በሰከንድ አንድ ጊዜ የሚያዞር ሰው ሮለሯን በደቂቃ ከ2,300 ዙር በላይ ያሠራታል፤ ፒኒዮኑን የያዘው ኩሽኔታ ግን በዚያው ጊዜ 372 ዙር ብቻ ይዞራል። በዚህ ላይ ከውኃ የወጣው እርጥብ ክር ጨውንና አሸዋን ይዞ በቀጥታ የሚያርፈው በእርሷ ላይ ነው።

በእኔ ሪል ላይም መጀመሪያ ድምፅ ያሰማው ይኸው ክፍል ነበር። ክር ሳይጎተት እጀታው ሲዞር ምንም አይሰማም፤ ክሩ ሲወጠር ግን ቀጭን የሲጥሲጥታ ድምፅ ይመጣል። ይህ ልዩነት ችግሩ ቀፎው ውስጥ ሳይሆን ሮለሩ ላይ መሆኑን ያመለክታል። ለማረጋገጥ ቁራጭ ክር በሮለሩ ላይ አድርጎ በሁለት እጅ ወዲያና ወዲህ መሳብ ይበቃል፤ ክሩ እየተንሸራተተ ሮለሩ ቆሞ ከቀረ ኩሽኔታው ተይዟል ማለት ነው። ቪቴውን ፈትቼ ኩሽኔታውን ሳወጣ በሽፋኑ ጠርዝ ዙሪያ ነጭ የጨው ቅንጣት፣ በውስጡም ግራጫ ጭቃ የመሰለ የቆየ ቅባት ነበር። በአይሶፕሮፒል አልኮል ደጋግሜ አጥቤ፣ በጥርስ መፋቂያ እንጨት ጫፍ ላይ ሰክቼ በጣቴ አሽከረከርሁት፤ ቆሻሻው ሲወጣለት ሻካራው ድምፅ ጠፋ። በደንብ ከደረቀ በኋላ አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት ብቻ አደረግሁለት። ታጥቦም ሻካራነቱ የማይለቀው ኩሽኔታ ግን ኳሶቹ የሚሽከረከሩበት መንገድ ዝጎ የተቦረቦረ ስለሆነ መቀየር እንጂ ተጨማሪ ዘይት አይጠቅመውም። እዚህ ላይ አይዝጌ የተባለው ብረትም ይዝጋል፤ ለኩሽኔታ የሚመረጠው ጠንካራው ዓይነት ከጨው ጋር ያለው ትዕግሥት ውስን ነው።

ግሪስና ዘይት የየራሳቸው ቦታ አላቸው። ኃይል ተሸክመው እርስ በርስ ለሚነካከሱት ዋናው ጥርስና ፒኒዮን ግሪስ ይገባቸዋል፤ በፍጥነት ለሚሽከረከሩት ኩሽኔታዎች ደግሞ ቀጭን ዘይት። ግሪሱን በትንሽ ብሩሽ በጥርሶቹ ላይ ቀጭን አድርጎ መቀባት ይሻላል፤ ቀፎውን በግሪስ መሙላት ሪሉን ያከብደዋል፣ በቅዝቃዜ ጊዜም እጀታውን ያስቸግራል። እጀታው ወደ ኋላ እንዳይዞር የሚከለክለው ክላች ግን ከሁሉ የተለየ ነው። ውስጡ ያሉት ትናንሽ ሲሊንደሮች የሚሠሩት በጥቃቅን ሞላዎች ተገፍተው ዘንጉን በመንከስ ስለሆነ ወፍራም ግሪስ ከገባባቸው ይዳልጣሉ፣ እጀታውም ዓሣው በጎተተ ቁጥር ወደ ኋላ ይዞራል። ይህን ክፍል ካልተቸገርሁ በቀር አልበትነውም፤ እንዳለ በአልኮል አጥቤ፣ አድርቄ፣ እጅግ በጣም ጥቂት ቀጭን ዘይት አስነካዋለሁ። ደብሊው ዲ 40ን በቅባት ምትክ ሪሉ ውስጥ የሚረጩ ሰዎችን አውቃለሁ። በ1953 እ.ኤ.አ. የተሠራው ይህ ፈሳሽ ዓላማው ውኃን ከብረት ላይ ማባረር ነው። አሟሚ ፈሳሽ ስላለበት ጥርሱ ላይ ያለውን ግሪስ ሊያጥብ ይችላልና የግሪስን ሥራ አልሰጠውም።

የዚህን ሪል ፍሬን ወድጄዋለሁ። የካርቦን ሮንዴላዎችና የብረት ሮንዴላዎች እየተፈራረቁ ተደርድረዋል፤ ከብረቶቹ አንዳንዶቹ ጆሮ ኖሯቸው ከስፑሉ ጋር ሲዞሩ ሌሎቹ ቀዳዳቸው ጠፍጣፋ ጎን ስላለው ከመሃለኛው ዘንግ ጋር ተይዘው ይቆማሉ። ድርድሩ ከተዛባ መክፈቻው ቢጠብቅም ፍሬኑ አይይዝም። ስፑሉ መንሸራተት ሲጀምር በአንድ ጊዜ ዘሎ የሚለቅ ፍሬን ሮንዴላዎቹ መቆሸሻቸውን ይነግራል፤ አውጥቶ ማጽዳትና ለፍሬን ተብሎ የተዘጋጀውን ግሪስ ስስ አድርጎ መቀባት ይህን ያስተካክለዋል። ለጥርስ የሚሆነው ተራ ግሪስ እዚህ ቦታ የለውም። የፍሬኑን ልክ የምወስነው በእጅ ግምት ሳይሆን በሞላ ሚዛን ነው፦ የክሩ የመበጠሻ ኃይል 9 ኪሎ ከሆነ ከሩብ እስከ ሲሶው፣ ማለትም ከ2.25 እስከ 3 ኪሎ ድረስ አደርገዋለሁ። ዓሣው ክር ይዞ በሮጠ ቁጥር ስፑሉ ላይ ያለው ክር እየሳሳ ስለሚሄድ መክፈቻው ሳይነካ ፍሬኑ ይከብዳል። ዲያሜትሩ ከ50 ወደ 40 ሚሊሜትር ሲወርድ 2.5 ኪሎ የነበረው ከ3.1 ኪሎ በላይ ይሆናል። ረጅም ሩጫ የሚሮጥ ዓሣ የሚጠብቅ ሰው ከታችኛው ልክ ቢጀምር ይሻለዋል።

በየዕለቱ የማደርገው እንክብካቤ አጭር ነው። ከባሕር ስመለስ ፍሬኑን አጥብቄ፣ ሪሉን በቀስታ በሚወርድ ንጹሕ ውኃ አለቀልቀዋለሁ፤ በኃይል የሚረጭ ውኃ ጨውን ከማስወጣት ይልቅ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ከደረቀ በኋላ ሮንዴላዎቹ ተጨፍልቀው እንዳይቆዩ ፍሬኑን አላላለሁ።

ወደ ጉድለቶቹ ስመጣ፣ ትልቁ የሮለሩ ኩሽኔታ ውኃ የሚከለክል ጎሚኒ የሌለው መሆኑ ነው። ይበልጥ የሚሠቃየውን ክፍል ሳይሸፍኑ ቀፎውን ብቻ መሸፈን ትክክለኛ ምርጫ አይመስለኝም። ሁለተኛው፣ የጎኑን ክዳን የያዙት የአይዝጌ ብረት ቪቴዎች ያለ ምንም ቅባት በቀጥታ አልሙኒየሙ ውስጥ ገብተው መምጣታቸው ነው። ሁለቱ ብረቶች በጨው ውኃ ሲገናኙ አልሙኒየሙ እየተበላ በነጭ ዱቄት ይሞላል፣ ቪቴውም ይጣበቃል፤ ስለዚህ ሪሉን ገና በአዲስነቱ ከፍቶ የቪቴዎቹን ጥርስ ግሪስ ማስነካት ይገባል። ሦስተኛውና እኔን ይበልጥ ያስከፋኝ የመለዋወጫ ጉዳይ ነው። ኩሽኔታዎቹ መደበኛ ልክ ስላላቸው በውስጥ ዲያሜትር፣ በውጭ ዲያሜትርና በስፋት ተለክተው ከየትም ይገኛሉ፤ የፍሬኑ መክፈቻ ጎሚኒ ግን ለብቻው አይሸጥም፣ ሙሉውን መክፈቻ መግዛት ግድ ይላል። ሚቸል 300ን የመሳሰሉ የፈረንሳይ ሪሎች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም በሰዎች እጅ የሚሠሩት ክፍላቸው በቀላሉ ተፈትቶ ስለሚለወጥ ነው፤ ዛሬ የሚሠራ ሪልም ለባለቤቱ ከዚህ ያነሰ ሊሰጠው አይገባም ብዬ አምናለሁ።

ዋናው ጥርስ እስካሁን የመበላት ምልክት አላሳየም፤ በላዩ ላይ ያለው የሥራ አሻራ ጥርሱን በሙሉ እኩል የሚሸፍን ነው። ክሩን ሮለሩ ላይ የሚያስይዘው ተከፋችና ተዘጊ ሽቦ፣ የቅስቱ ሞላም ጥንካሬውን ይዟል፤ ቅስቱን በእጀታው ሳይሆን በእጄ ስለምዘጋው ይመስለኛል። ፈትቶ የመጠገን ፍላጎት ለሌለው ሰው ይህን ሪል አልመክርም፤ ሮለሩ ቶሎ ያስቸግረዋል። መፍታት ለሚወድ ወይም ለመማር ለሚፈልግ ግን ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ፤ ሪሉን በሚገዛበት ዕለት ለሮለሩ ሁለት ትርፍ ኩሽኔታዎች፣ አንድ ትንሽ ብልቃጥ ቀጭን ዘይትና የፍሬን ግሪስ አብሮ ይያዝ።