ስማርት ባትሪ ወይስ ተራ ሊፖ? ለድሮንዎ የትኛውን ይግዙ?

ስማርት የሚባለውም ባትሪ ሆነ ተራው ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) በውስጡ ያለው ሊቲየም ነው። ከልክ በላይ ቢሞላ ወይም ቢቀጠቀጥ ሁለቱም ይነድዳሉ። የሚለያዩት በጠባቂያቸው ነው። ስማርቱን አብሮት የተሠራ ኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ይጠብቀዋል፤ የሊፖው ጠባቂ ግን እርስዎ ብቻ ነዎት።

ስማርት ባትሪ ሴሎቹን፣ ማለትም በውስጡ የተያያዙትን ትንንሽ ባትሪዎች፣ ራሱ ያመጣጥናል፣ ሲሞላ መሙላቱን ያቆማል፤ አብዛኞቹ ሞልተው ለቀናት ከተቀመጡም ኃይላቸውን ራሳቸው ይቀንሳሉ። ዋጋው ግን ከበድ ይላል፤ ከተሠራለት ድሮን ውጭም አይገጥምም።

ሊፖ ቀላልና ኃይለኛ ነው። 1500 ሚሊአምፒር ሰዓት ሆኖ 50ሲ (የአቅሙን 50 እጥፍ አምፒር ይሰጣል ማለት ነው) የተጻፈበት ባትሪ፣ ጽሑፉ እውነት ከሆነ፣ 75 አምፒር ይሰጣል፤ ለውድድር ድሮን የሚመረጠውም ለዚህ ነው። ችግሩ ጉድለቱን መደበቁ ነው። ባለአራት ሴል ሊፖ ሲሞላ 16.8 ቮልት ያሳያል። መለኪያው 16.4 ቢል ብዙ ሰው «ምንም አይል» ብሎ ያስነሳል። ነገር ግን ሦስቱ ሴሎች 4.2 ላይ ሆነው አንዱ 3.8 ላይ ቀርቶ ይሆናል። ያ ደካማ ሴል አየር ላይ ከሌሎቹ ቀድሞ ያልቃል፤ ድሮኑም ይወድቃል። ስለዚህ ከበረራ በፊት ድምሩን ሳይሆን እያንዳንዱን ሴል ይለኩ። ባላንስ ቻርጀር (ሴሎቹን እኩል አድርጎ የሚሞላ) እና የሴል መለኪያ አብረው የማይገዙ ከሆነ ሊፖ አይግዙ፤ ይህን አጥብቄ እመክራለሁ።

ስማርቱም ቢሆን ከፍተሻ አያድንም። ባትሪውን ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስተኝተው ጫፉን በጣትዎ ጫን ያድርጉት፤ ከተንገዳገደ አብጧል ማለት ነው፣ ዳግም አይሙሉት፣ አያብሩበትም። ድሮኑ ላይ ሲገጥሙትም የመቆለፊያው «ቀጭ» የሚል ድምፅ አይብቃዎት፤ ግራና ቀኙን አይተው ክፍተት አለመኖሩን ያረጋግጡ። በግማሽ የገባ ባትሪ በንዝረት ይላቀቃል። ብርድ ላይ ደግሞ ሁለቱም ይደክማሉ፤ ድሮኑን ዝቅ አድርገው ለአንድ ደቂቃ እያቆዩ ቮልቱ እንዴት እንደሚወርድ ይመልከቱ።

ሊቲየም አዮን የሚባለው ሦስተኛው ዓይነት ረጅም ርቀት በዝግታ ለሚያበር ይሆናል፤ ድንገተኛ ኃይል ሲጠየቅ ግን ከሊፖ ያንሳል።

የመጀመሪያ ድሮንዎ ከሆነ ያለ ማመንታት ስማርቱን ይግዙ። ያገለገለ ስማርት ባትሪ ቢቀርብልዎ ስንት ጊዜ እንደተሞላ በመተግበሪያው ያስከፍቱና ይዩ። ያገለገለ ሊፖ ግን ታሪኩን የሚናገርበት መዝገብ ስለሌለው፣ ቢረክስም ይለፉት።