ሞተርሆማችሁን ሜክሲኮ ወስዳችሁ ቀለም ልታስቀቡ ያሰባችሁ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

በላስ ቬጋስና በፊኒክስ አካባቢ የምትኖሩ፣ አሮጌ ሞተርሆም (ውስጡ የሚኖርበት የቤት መኪና) ገዝታችሁ በብርዱ ወራት ወደ ደቡብ የምትወርዱ ወገኖች፣ የምጽፈው ለእናንተ ነው። በካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ ዳር በምትገኘው የሜክሲኮ ከተማ፣ በፖርቶ ፔኛስኮ፣ አንድ የቀለም ጋራዥ የእኔንና የባለቤቴን መኪና አበላሽቶ ገንዘባችንን አስቀርቷል። ስሙን አልጠራም። እንዲህ ያለው ጋራዥ ነገ በሌላ ታፔላ ሊከፈት ስለሚችል፣ አሠራሩን ማወቅ ስሙን ከማወቅ ይበልጥ ይጠቅማችኋል።

ሰውየው ራሱ ነው የሚመጣው። ሞተርሆሞች በሚቆሙበት ግቢ እየተዘዋወረ ቀለማቸው የሞተውን ይመርጣል። የእኛን ለመምረጥ ብዙ አልተቸገረም፤ ፀሐይ የፋይበርግላሱን ገጽ በልታው፣ እጅ ያረፈበት ቦታ ሁሉ እንደ ጠመኔ ይለቅ ነበር። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለውን መኪና ሙሉ በሙሉ ለማስቀባት በቀላሉ ከ10,000 ዶላር በላይ ይጠየቃል። እርሱ 4,500 ብሎ ግማሹን ቀብድ በጥሬ ገንዘብ ፈለገ፤ በሁለት ሳምንት እንደሚያስረክብም ቃል ገባ። በስልኩ የሚያብረቀርቁ መኪኖችን ፎቶ አሳየን።

ፎቶውን እርሱት። ቀለም በተቀባ ማግስት የማያብረቀርቅ መኪና የለም። ገንዘብ የሚከፈልበት እውነተኛ ሥራ ከቀለሙ በፊት ያለው ነው፤ ቀለሙ ካረፈ በኋላ ደግሞ ያ ሥራ አይታይም። የድሮው ተለጣፊ ጌጥ ተነቅሎ ሙጫው መጽዳት አለበት። በመስኮትና በመብራት ዙሪያ ያለው አሮጌ ሲሊኮን ተፍቆ መውጣት አለበት፤ ሲሊኮን ላይ ቀለም አይዝም፣ የቀረው ቅባት ደግሞ በአዲሱ ቀለም ላይ ዓሣ ዓይን የሚመስሉ ትናንሽ ጉድጓዶች ያወጣል። ከዚያ ገጹ በብርጭቆ ወረቀት በደንብ መታሸት፣ ቅባቱ መጠረግ፣ ፕራይመር የሚባለው የመሠረት ቀለም መረጨት ይኖርበታል። የእኛ ሰዎች መስኮቱን ሳይፈቱ፣ ሲሊኮኑን ሳይነኩ፣ በጎሚኒው ላይ ፕላስተር ለጥፈው ረጩት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ገና ወራት ሳይቆጠሩ በየመስኮቱ ዙሪያ ቀለሙ በቅርፊት በቅርፊት ተነሣ።

የተረጨውም ደጅ ነው። ፖርቶ ፔኛስኮ ከአንድ ወገን ባሕር፣ ከሌላው ወገን ታላቁ የአልታር አሸዋማ በረሃ ያዋሰናት ከተማ ናት፤ ነፋሱ አሸዋም ጨውም ይዞ ይነፍሳል። ያልደረቀ ቀለም ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ይይዛል። ዛሬም የመኪናውን ጎን ብትዳስሱት ይሻክራል። በተቃራኒው፣ ከቀለሙ ብናኝ የተረፈው ጣሪያው ላይ ባለው የፀሐይ ኃይል ሰሌዳና በዳሱ ሸራ ላይ አርፏል። ከሾፌሩ ወንበር አጠገብ የነበረውን፣ መኪናው የሚችለውን ክብደት የሚገልጸውን የፋብሪካ መለያ እንኳ አልማሩትም። እርሱን መቀባት ምን ይሉታል?

ቀለሙ ራሱም የተባለው አልነበረም። ለመኪና የሚሆነው ዘላቂ ቀለም ከማድረቂያ ኬሚካል ጋር ተቀላቅሎ የሚረጨው የፖሊዩሬታን ዓይነት ነው፤ ውድ ነው፣ ማድረቂያው ለሳንባ አደገኛ ስለሆነ የሚረጨው ሰው ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያመጣ ጭምብል ያስፈልገዋል። ቀቢው አፉን በሻሽ ብቻ ሸፍኖ ስታዩት፣ ወይ ስለ ጤናው ግድ የለውም ወይ በቆርቆሮው ውስጥ ያለው ኤናሜል የሚባለው ርካሽ ተራ ቀለም ነው። ማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው ቀለሙ ከደረቀ ከሳምንት በኋላ፣ በማይታይ ቦታ፣ ለምሳሌ በዕቃ ማስቀመጫው በር ውስጠኛ ጠርዝ ላይ፣ ጥጥ በቲነር ነክሮ ይሽ። ጥጡ ቀለም ይዞ ከወጣ ማድረቂያ አልገባበትም ማለት ነው። የቀለም ውፍረት የሚለካውን ተራ የማግኔት መሣሪያ ይዛችሁ አትድከሙ፤ ብረት ላይ እንጂ ፋይበርግላስ ላይ አይሠራም።

ከሁሉ የከፋው ግን በመካከል የመጣው ጭማሪ ነው። የጎኑ መብራቶች ተነቅለው ግማሹ ገጽ ከታሸ በኋላ ሰውየው ጠርቶን፣ ግድግዳው ውስጡ ውኃ ገብቶበት ተነፍቷልና ለስቱኮ ተጨማሪ 900 ዶላር ክፈሉ አለ። የተነፋ ግድግዳ ከውስጥ ያለው ስስ ጣውላ ስለበሰበሰ ነው የሚነፋው፤ ስቱኮ ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም። ይህን እርሱም ያውቃል። ነገር ግን ቤታችን በእርሱ ግቢ ቆሟል፣ እኛ ሆቴል እየከፈልን ነው፣ የአሜሪካ ኢንሹራንስ እዚያ ለሚደርስ ጉዳት ተጠያቂነት ስለማይሠራ የሜክሲኮውንም በየቀኑ እየገዛን ነው። መኪናውን በዚያ ሁኔታ አውጥቶ የሚነዳ ሰው እንደሌለ አስልቶ ነው ዋጋ የሚጨምረው።

ሜክሲኮ ጥሩ ቀለም ቀቢ የለም አላልኩም። አጠገባችን ቆመው የነበሩ ካናዳውያን ባልና ሚስት ያስቀቡት መኪና ከዓመታት በኋላም ያምር ነበር። የእነርሱ ሰው ግን ዝግ የመርጫ ክፍል ነበረው፤ ከቀብዱ በኋላ ያለውን ክፍያ የተቀበለውም መስኮቶቹ ተፈትተው፣ ገጹ ታሽቶ፣ ባለቤቶቹ ራሳቸው ዞረው ካዩ በኋላ ነው። እኔም የምመክረው ይህንኑ ነው። ቀብዱ ከዕቃው ዋጋ አይብለጥ፣ ቀጣዩ ክፍያ ቀለም ከመረጨቱ በፊት መኪናውን በዓይናችሁ አይታችሁ ይሁን፣ የመጨረሻው በቀን ብርሃን ስትረከቡ። የቀለሙ ዓይነትና ስም፣ መስኮቱ እንደሚፈታ፣ ለሚገኝ ብልሽት አስቀድሞ የተስማማችሁበት ዋጋ፣ ሁሉም በስፓኒሽ ይጻፍ። ጭማሪ የሚያስፈልግ ከሆነ ግድግዳው ከመነካቱ በፊት አንኳኩቶ ይንገራችሁ፤ የተነፋ ቦታ ሲመታ ድምፁ ባዶ ነው።

በክሬዲት ካርድ መክፈል ከጥሬ ገንዘብ ይሻላል፣ ነገር ግን ያድነኛል ብላችሁ አትዝናኑ። የአሜሪካ ሕግ በሥራ ጥራት ላይ ለሚነሣ ክርክር የሚሰጠው መብት በመርሕ ደረጃ ግዢው በምትኖሩበት ግዛት ውስጥ ወይም ከቤታችሁ በ100 ማይል ክልል ከተፈጸመ ነው፤ ፖርቶ ፔኛስኮ ከላስ ቬጋስ ከዚያ በእጅጉ ይርቃል። ሜክሲኮ ውስጥ ፕሮፌኮ የሚባል የሸማቾች ጥበቃ መሥሪያ ቤት አለ፣ የውጭ ዜጋም ማመልከት ይችላል። እኛ የያዝነው ግን በተቀደደ ደብተር ገጽ ላይ የተጻፈ ቁጥር ብቻ ስለሆነ የምናቀርበው ማስረጃ አልነበረንም። ስለዚህ ፋክቱራ የሚሉትን ሕጋዊ ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትውጡ። በአሪዞና ድንበር ላይ ባለው በሉክቪል መግቢያ በኩል ስትመለሱም ለጉምሩክ በውጭ የተሠራውን ሥራ ማስመዝገብ ግዴታ ስለሆነ እዚያም ይጠየቃል።

አሁን ኔቫዳ ውስጥ ያነጋገርነው ባለሙያ የተላጠውን ቀለም አንሥቶ እንደገና ለመቀባት የጠየቀው፣ መጀመሪያውኑ እዚሁ ብናስቀባው ከምንከፍለው በላይ ነው፤ አዲስ ከመቀባቱ በፊት የእነዚያን ሰዎች ሥራ በሙሉ መፋቅ አለበትና።