ባለ 28 ብስክሌት በድሬዳዋ፦ ብስክሌቱ ደህና ነው፣ የብስክሌት መስመሩ ይስተካከል

ድሬ ላይ ብስክሌት ልግዛ የሚል ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ባለ ብዙ ማርሹ ላይ ነው። ከከዚራ ሰፈር ሳቢያን ሰፈር ለሚመላለስ ሰው ግን የሚሻለው ያ ከባዱ፣ ባለ አንድ ማርሹ፣ ባለ 28 ኢንች ብስክሌት ነው። ከተማዋ ከደቡቡ ተራራ ወደ ሰሜን ቀስ እያለች ነው የምታዘቀዝቀው፤ ማርሽ የሚያስፈልገው ዳገት ከከተማ ወጥቶ ወደ ደንገጎ ሲኬድ ነው። ርካሽ ባለ ማርሽ ብስክሌት ላይ ደግሞ ቀድመው የሚበላሹት ማርሽ መቀየሪያውና የፊት አሞርዛተሩ ናቸው። አሸዋ ይገባባቸውና አለቀ።

ከመግዛታችሁ በፊት የማርሹን ጥርስ ቁጠሩ። የፊቱ 48፣ የኋላው 20 ከሆነ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ብስክሌቱ 5.4 ሜትር ገደማ ይሄዳል። በደቂቃ 50 ጊዜ ማዞር ብዙ ሳያደክም በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል። የኋላው 18 ከሆነ ዕቃ ጭኖ ወደ ደቡብ ለሚወጣ ይከብዳልና 22 ይቀየርለት። ክብደቱ 20 ኪሎ ገደማ ነው፤ ደረጃ ላይ ተሸክሞ ለሚወጣ ሰው አይመችም። ፍሬኑ በብረት ዘንግ የሚሳብ ስለሆነ የሚበጠስ ሽቦ የለውም፤ ነገር ግን ቸርኬው ሲረጥብ ላስቲኩ ይንሸራተታል። ዝናብ ላይ ለመቆም ከደረቁ ቀን በጣም ቀድማችሁ ያዙ።

ትልቁ ችግር ጎማው ነው። በከተማዋ ዳርቻ የተስፋፋው የፕሮሶፒስ ዛፍ እሾህ ረጅምና ጠንካራ ነው፤ ውጩን ጎማ ሰንጥቆ ከመነዳሪው (ውስጠኛው ላስቲክ) ላይ ይደርሳል። እሾሁ ከተነቀለ በኋላ የጎማውን ውስጥ በእጅ ሳይሆን በጨርቅ ዳብሱት፤ ተሰብሮ የቀረ ጫፍ ካለ ጨርቁን ይይዘዋል። እሱ ሳይወጣ የተለጠፈ ከመነዳሪ በማግስቱ እዚያው ቦታ ላይ ይበሳል።

ልጣፊውም ቢሆን ድሬ ላይ ቶሎ የሚለቀው በሙቀት ብቻ አይደለም፤ ማስቲሹ ሳይደርቅ ስለሚለጠፍ ነው። ቀዳዳውን ዙሪያ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ፣ ማስቲሹን በስሱ መቀባት፣ ሲነኩት ጣት እስከማይዝ 5 ደቂቃ ያህል መጠበቅ፣ ከዚያ ልጣፊውን አጥብቆ መጫን። የሚቸኩል ጎሚስታ ጋር ቆማችሁ ይህን አስጠብቁ። ጠዋት በ50 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) የተነፋ ጎማ ፀሐይ ላይ ቆሞ ሙቀቱ ከጠዋቱ በ30 ዲግሪ ቢጨምር 6 ፒኤስአይ ያህል ይጨምራል። ደህናው ጎማ ይችለዋል፤ በእርጥብ ማስቲሽ የተለጠፈው ግን አይችልም።

ካቴናውን ግራሶ አትቀቡት፣ አሸዋ ይሰበስባል። በነጭ ጋዝ ማጠብ፣ ቀጭን የስፌት መኪና ዘይት ጠብ ማድረግ፣ ትርፉን በጨርቅ መጥረግ ይበቃል።

የብስክሌቱን ጥቅም የሚወስነው ግን ከሁሉም በላይ የሚሄድበት መንገድ ነው። የባጃጅ ወርድ 1.3 ሜትር ነው። ስለዚህ 1.5 ሜትር ሆኖ በቀለም ብቻ የተሰመረ የብስክሌት መስመር ለባጃጅ በልኩ የተሰፋ ነው፤ ቀትር ላይ ጫት ሲገባ ቀለሙ ከጎማ ሥር ይሰወራል። ለአንድ አቅጣጫ 2 ሜትር፣ ለሁለት አቅጣጫ 3 ሜትር፣ በከርቭስቶን (በመንገድ ዳር ድንጋይ) የተለየ መሆን አለበት። መግቢያው ላይ በ1.1 ሜትር ርቀት ምሰሶ ቢተከል ብስክሌትም ተሽከርካሪ ወንበርም ያልፋል፣ ባጃጅ ይቀራል።

ከባጃጅ የሚወርድ ሰው የሚወርደው በቀኝ ነው፤ ብስክሌተኛውም የሚሄደው በቀኝ ነው። ግጭቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። በመስመሩና በመኪናው መካከል ቢያንስ ግማሽ ሜትር መተው፣ መጫኛና ማውረጃ ቦታ ላይ ደግሞ መስመሩን ከተሳፋሪው ጀርባ ማሳለፍ ያስፈልጋል። ይህን ያልያዘ መስመር፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ ሰው ይጎዳል።

አሸዋውም አለ። የመኪና ጎማ በሚሄድበት እየጠረገ አሸዋውን ወደ ዳር ይገፋዋል፤ ብስክሌት ግን ለመጥረግ ክብደት የለውም። ጎርፍ ካለፈ በኋላ መጥረጊያ የማይደርስበት መስመር ኩርባው ላይ ይጥላል። የጎርፍ መውረጃ ፍርግርጉም ብረቱ ለመንገዱ አግድም ይሁን፤ የዚህ ብስክሌት ጎማ ወርዱ 4 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነውና በቁመት ከተዘረጋ ሰፊ ክፍተት ውስጥ ይገባል።

«መንገዱ ጠቦ ሳለ ለብስክሌት ቦታ ከየት ይመጣል?» ለሚሉ መልሱ ስሌቱ ላይ አለ። 3 ሜትር ያህል ስፋት ላይ የግል መኪና ብቻ ሲሄድ በሰዓት የሚያልፈው ከ600 እስከ 1,600 ሰው ነው፤ ያው ስፋት የተከለለ ባለ ሁለት አቅጣጫ የብስክሌት መስመር ቢሆን ከ6,500 እስከ 7,500 ያሳልፋል። በተለይ ከዚራን ከመጋላ ሰፈር የሚያገናኙት የደቻቱ ወንዝ ድልድዮች ላይ ይህ ቁጥር ይታሰብበት። መስመሩ ድልድዩ አፍ ላይ ከተቋረጠ ብስክሌተኛው በጣም በሚጠበው ቦታ ባጃጅ መሃል ይገባል፤ ከዚያ በፊት የተሠራው ሁሉ ለሕፃን ልጅም ለእናትም አይሆንም። ጥላም ይታሰብ፤ ከዚራ ዛፎቹ ሥር የሚያልፍ መስመር ቀትር ላይም ይሄዱበታል፣ ገላጣው ላይ ግን እስከ 10 ሰዓት ባዶ ይሆናል።

ሐረር ለሚኖር ሰው ይህን ብስክሌት አንመክርም። የጀጎል ጠባብ መንገዶች ለእግር የተሠሩ ናቸው፣ ከግንቡ ውጭም ዳገቱ ለአንድ ማርሽ ይከብዳል። እዚያ የፊቱ 32፣ የኋላው ትልቁ ከ28 እስከ 32 ጥርስ ያለውን ባለ ማርሽ ውሰዱ፣ ሁለቱም ፍሬን መያዙንም ቁልቁለት ላይ ሞክራችሁ ግዙ።