መካ ወይስ ሞሮኮ፦ የሁለት ቀደምት የመስክ ጥናቶች ንጽጽር

ሆላንዳዊው የእስልምና ተመራማሪ ክርስቲያን ስኑክ ኸርግሮንየ (ክርስቲያን የመጠሪያ ስሙ ነው) እ.ኤ.አ. በ1884 ጂዳ ደርሶ እስልምናን መቀበሉን ካሳወቀና አብዱልገፋር የሚለውን ስም ከያዘ በኋላ፣ በ1885 መካ ገብቶ ለስድስት ወር ያህል ተቀመጠ፤ ይሁንና የሐጅ ጊዜ ሳይደርስ ከከተማዋ ተባረረ። ፊንላንዳዊው የማኅበረሰብ አጥኚ ኤድቫርድ ቬስተርማርክ በአንጻሩ ሃይማኖቱን ሳይለውጥ ከ1898 ጀምሮ ወደ ሞሮኮ እየተመላለሰ በድምሩ ሰባት ዓመት ገደማ አሳልፏል።

ስኑክ የጻፈው ስለ አንዲት ከተማ ነው። የዑለማውን (የሃይማኖት ሊቃውንቱን) የትምህርት ክበብ፣ በዛሬዋ ኢንዶኔዥያ ካሉት ከጃዋና ከሱማትራ ደሴቶች የመጡትን ነዋሪዎች፣ የቤት ውስጥ ኑሮንና የባሪያ ገበያውን በቅርብ አይቷል፤ ከኢትዮጵያ ተወስደው በመካ ቤቶች ስለኖሩት ሴቶች የሰጠው ምስክርነት ለእኛ አንባቢዎች በተለይ ሊታይ የሚገባው ነው። ቬስተርማርክ ግን ትኩረቱ በገጠሩ ላይ ስለነበር በአረብኛና በበርበር ተናጋሪዎች ዘንድ ያለውን የጋብቻ ሥርዓት፣ የጂን እምነትና በረካ የሚባለውን ቅዱስ ኃይል ከቦታ ቦታ እያነጻጸረ መዘገበ። ስፋቱ የሚደነቅ ቢሆንም ገጾቹ አንዳንዴ ወደ ዝርዝር ያጋድላሉ።

በእኔ ግምት ሕያው ሰዎችን በማሳየት ስኑክ ይበልጣል። ሆኖም ወደ መካ የገባበት መንገድ እስከ ዛሬ የሚያከራክር ሲሆን፣ እውቀቱንም በኋላ በሰሜን ሱማትራ በተካሄደው የአቼ ጦርነት ለሆላንድ ቅኝ ገዢዎች አማካሪነት አውሎታል።